የአቶ ወልደሰማያት ተነባባሪ መደርደሪያ

አንድ ሐሳብ ብቻ ያለው ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ብዙ ሐሳብ ያለው ሰው ቢያስቸግርህ አንዱን ትተህ በሌላው ታመልጠዋለህ፤ ከባለ አንድ ሐሳቡ ግን ማምለጫ የለህም። ስለ ዝናቡ ብታነሣለት ወደዚያችው ሐሳቡ ይወስድሃል፤ ስለ ልጅህ ትምህርት ብትነግረው በአቋራጭ እዚያው ያደርስሃል። ለቅሶ ቤት አጠገቡ ከተቀመጥህማ አለቀልህ፤ ሟቹን ረስተህ ትነሣለህ። አንዱ ስለ ንብ ነው የሚያወራው፤ ሌላው ስለ ጨጓራ መድኃኒት፤ ሌላው ደግሞ ያያቱ መሬት በማን እጅ እንደገባ። የጅማው አቶ ወልደሰማያት ሐሳብ ስለ መኪና ጎማ አቀማመጥ ነበር።

እኒህን ሰው እንደ ሾፌሩ እንደ ቲጃኒ የቻላቸው የለም፤ እንደ ቲጃኒም ያማቸው የለም።

ቲጃኒ የጅማው የሄርማታ ሰፈር ልጅ ነው። በደርግ ጊዜ ከአጋሮና ከሊሙ ገነት ቡና እየጫነ አዲስ አበባ በሚያደርስ አንድ የመንግሥት ማመላለሻ ድርጅት ውስጥ ኤንትሬ ፊያት የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። አቶ ወልደሰማያት ደግሞ የዚያው መሥሪያ ቤት የጎማ መጋዘን ኃላፊ ነበሩ። ከመንዝ መጥተው ጅማ ላይ ያረጁ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ካኪ ካፖርታቸውን ፀሐይም ቢሆን የማያወልቁ ሰው ናቸው። ሾፌሮቹ ፊት ለፊት «ጋሼ»፣ ዞር ሲሉ «ክቡር የጎማ ሚኒስትር» ይሏቸዋል።

ሹመቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያን ዘመን ጎማ በኮታ ነው የሚመጣው፤ የመጣውም አይበቃም። ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ያለው መጋዘን ውስጥ አዲሱም አሮጌውም ጎማ እላይ በላይ ተጥሎ ከወለል እስከ ጣራ ክምር ሠርቷል። አንድ ሾፌር ጎማ ፈልጎ ሲመጣ ክቡር ሚኒስትሩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ ያደርጉና ክምሩን ከላይ እስከ ታች ያዩታል። ከዚያ ምንጊዜም መልሳቸው አንድ ነው።

«አለ፤ ግን ከሥር ነው።»

ሾፌሩ እንግዲህ ካፖርቱን አውልቆ ይቆፍራል። ላብ በላብ ሆኖ፣ ፊቱ እንደ ከሰል ነጋዴ ጠቁሮ ይወጣል። ቲጃኒ በዚህ ነገር ቋንጃው እስኪቆረጥ ደክሟል፤ ሰውዬው የሞቱ ለታ እንኳ «የት ናቸው?» ተብሎ ሲጠየቅ ቀባሪው «አሉ፤ ግን ከሥር ናቸው» ብሎ ነው የሚመልሰው እያለ ጓደኞቹን ያስቃቸው ነበር።

አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ቲጃኒ የፊት ጎማ ሊወስድ መጣ። የለመደውን መልስ ሰማና ክምሩ ላይ ወጣ። አቶ ወልደሰማያት ከታች ቆመው «የግራውን ተው፤ የቀኙን ሳብ» እያሉ ያዛሉ። ቲጃኒ የቀኙን ሳበ። ክምሩ አንድ ጊዜ ተነፈሰ፤ ከዚያ እንዳለ ተንዶ ወረደ። አቧራው ሲረጋ ቲጃኒ ራሱን በር አጠገብ ተቀምጦ አገኘው። ከሚኒስትሩ ግን የሚታየው ባርኔጣቸው ብቻ ነበር።

«ቢስሚላህ» እያለ በሁለት እጁ ጎማ እየወረወረ ቆፈራቸው። ደረታቸው ድረስ ሲደርስ ዓይናቸውን ገለጡ። ጎናቸውን እንደታመሙ ከአተነፋፈሳቸው ያስታውቃል። እሳቸው ግን እግራቸው ሥር ወዳለ አንድ ጎማ አመለከቱ።

«እኔን ተወኝና እሱን አውጣው» አሉ።

ቲጃኒ አወጣው። ገና መንገድ ያልነካ አዲስ ጎማ ነው፤ ግን የክምሩ ክብደት ተጭኖት ክብነቱ ጠፍቷል፤ እንደ ዶሮ ዕንቁላል ሞላላ ሆኗል፤ ጎኑም ተሰነጣጥቋል። ከሥሩ የነበሩትም እንደዚያው። አቶ ወልደሰማያት በጣታቸው ስንጥቁን ዳሰሱት። የተቀበሩት እሳቸው ሳይሆኑ ሌላ ሰው ይመስል ፊታቸው ኀዘንተኛ ሆነ። ቲጃኒ ሊቀልድ ያዘጋጀው ነገር ነበረው፤ ዋጠው።

ጎናቸው ታስሮ ቤታቸው ተኝተው ከረሙ። ወደ ሥራ ሲመለሱ ሐሳቧን ይዘው ተመለሱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት ጎማ ለመረከብ አሰብ ወርደው ሳለ አንድ የመርከብ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ገብተው ነበር። እዚያ ጎማ ወለል ላይ አይጣልም። አራት እግር ያለው የብረት አልጋ የመሰለ መደርደሪያ አለ፤ ጎማዎቹ እንደ ተማሪ ጎን ለጎን ይቆሙበታል። በዚያ መደርደሪያ እግሮች ራስ ላይ ሌላ መደርደሪያ ይቀመጣል፤ በሱም ላይ ሌላ። ጣራው እስኪነካ ድረስ ይነባበራል፤ ታች ያለው ጎማ ግን ላይ ያለውን አይሸከምም። «ክብደቱን የሚችለው ብረቱ ነው፤ ጎማው እንግዳ ነው» ይላሉ አቶ ወልደሰማያት፤ ቀጥሎ ጣታቸውን ያነሣሉ። «ጎማ ይቆማል እንጂ አይተኛም።»

ይህን ያልሰማ የጅማ ሰው ካለ መንገደኛ ነው። የመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ሲሰበሰብ ካድሬው ስለ ጭቁኑ መደብ አስረድቶ ጥያቄ ያለው እንዲናገር ጋበዘ። ጋሼ እጃቸውን አወጡ። ከታች ያለው ከላይ ያለውን ሸክም እስከ መቼ ይሸከማል ብለው ጀመሩ። ካድሬው ደስ ብሎት አጨበጨበ፤ ሠራተኛውም ተከተለ። ቀጠሉና ስለዚህ ለጎማው ተነባባሪ መደርደሪያ ይሠራለት አሉ። ካድሬው እጁን በአየር ላይ አቆመ። ይሣቅ አይሣቅ ስላልታወቀ ሁሉም ጫማ ጫማውን አየ።

የሰፈራቸው እድር አግዳሚ ወንበሮች የሚቀመጡበትን ቤት አይተው ሟች ከመቀበሩ በፊት ስለ ወንበሮቹ አደራደር መናገር በመጀመራቸው የእድሩ ዳኛ ሊቀጧቸው ምንም አልቀራቸውም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ውብነሽ ከጓዳዋ ድስት ማንሣት ቸግሯት ነበር፤ እሳቸው በሠሩት የእንጨት እርከን ላይ አንዱ ባንዱ ራስ ተሰቅሎ ለሽሮ ድስት ብላ ሦስት ድስት ታወርዳለች። ለዒድ ቲጃኒ ቤት ተጠርተው ቴምርና ሻይ ሲቀርብላቸው የባለቤቱን የረሺዳን ብርጭቆዎች አቀማመጥ አይተው ዝም ማለት አልቻሉም። ከሄዱ በኋላ ረሺዳ ባሏን፣ ይህ ሰውዬ ሁለተኛ ከመጣ ልጆቹንም ደርድሮልን ነው የሚሄደው አለችው። ቲጃኒ እስኪያስለው ሣቀ። በማግስቱም ለሾፌሮቹ ሁሉ ጨምሮ አወራው።

ሣቁ የቆመው አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ጓድ ደበበ ትእዛዝ ያወጣ ዕለት ነው።

ደበበ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ለገበሬው የሚታደል ማዳበሪያ ወደ ጅማ እየመጣ ነው፤ ማዳበሪያ ደግሞ ጣራ ይፈልጋል። ስለዚህ የጎማው መጋዘን ግማሹ ይለቀቅ፤ የተረፈው ጎማ ግቢ ውስጥ ይውጣና ሸራ ይልበስ አለ። ጎማ በዝናብ እየሄደ አይደል ወይ፣ ቢዘንብበት ምን ይሆናል ብሎም ጠየቀ። ብዙዎቹ ጥያቄው ልክ መስሏቸው አንገታቸውን ነቀነቁ።

ቲጃኒ ግን ሸኩር ትዝ አለው። ሸኩር የሱ ቢጤ ሾፌር ነበር። ከዓመት በፊት መጋዘኑ ሲሞላ ግቢ ውስጥ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ከከረመ ጎማ ሁለቱን ፊት ላይ አስገጠመ። ቡና ጭነው የግቤን ቁልቁለት ሲወርዱ ቲጃኒ ከኋላው ነበር። ጎማው ሲፈነዳ ሰማ፤ የሸኩር መኪና ወደ ገደሉ አፍ ስትሄድ አየ፤ አንድ ድንጋይ ያዛት። ሸኩር ነፍሱ ተረፈች። እግሩ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ አሁን ሄርማታ ያጎቱ ሱቅ ደጃፍ ላይ ምርኩዙን አስደግፎ ይውላል።

አቶ ወልደሰማያት ለመልስ ተነሡ። ጎናቸው ገና አልዳነም መሰለኝ፣ ቃሉ ተቆራረጠባቸው። ውኃ ጎማ ውስጥ ሲተኛ፣ ፀሐይ ሲያደርቀው፣ እንደገና ሲርስ ብለው ጀመሩና ያንኑ «ጎማ ይቆማል እንጂ» ሲሉ ከኋላ ሣቅ ተነሣ። ሣቁን ያስተማራቸው ቲጃኒ ነው። ዛሬ ግን ሳያስበው ተነሥቶ ቆመ።

«ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ ግቤን የምንወርደው እኛ ነን» አለ። «ሰውዬው ያሉትን ይሥሩ። ማዳበሪያው እስኪገባ ጊዜ ይስጧቸው፤ እኔም አግዛቸዋለሁ።»

ደበበ ብረትም በጀትም እንደሌለው ተናገረ። ያገኙትን አግኝተው ይሞክሩ፤ ማዳበሪያው በር ላይ ሲቆም ግን ግማሹ መጋዘን ባዶ ሆኖ መገኘት አለበት አለ። አቶ ወልደሰማያት ወደ ቲጃኒ ዞረው አዩት። ምስጋና የሚጠብቅ ካለ አላወቃቸውም፤ በሹክሹክታ፣ የመደርደሪያው ቱቦ ውፍረት ይኑረው ነው ያሉት።

ቲጃኒ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡና ሲያመጣ ብረትም ያመጣ ጀመር። ጋራዥ ጀርባ ሣር ከበቀለባቸው መኪኖች፣ ሊሙ ካለ የተዘጋ ቡና ማጠቢያ፣ ደዶ ካለ አንድ ወፍጮ ቤት እየለመነ የወላለቀ ቱቦ ለቀመ። ያለምንም ኀፍረት የሰው አልጋ እግር ሲያይ መመዘን ለመደበት። ብየዳውን የያዘው ሄርማታ መስጊድ ጀርባ የሚሠራው አባቦራ ነው። አባቦራ ጥቂት ተናጋሪ፣ እጁ የተባረከ፣ የሚቸኩልበትን ሰው ግን ደንበኛም ቢሆን የሚያባርር ሰው ነው። አቶ ወልደሰማያት ከአጠገቡ አልነቃነቅም አሉ፤ ስለ መደርደሪያው ለሠሪው ለራሱ ያስረዱታል። አባቦራ ሶላት ሲደርስ ለጸሎቱ ብቻ ሳይሆን ለዕረፍቱም አላህን አመሰገነ።

የመጀመሪያው መደርደሪያ አምሮ ተሠራ። ቲጃኒ በመኪናው ጭኖ መጋዘኑ በር ላይ አደረሰው። አልገባም። ጎኑን አዞሩት፣ ገለበጡት፣ አልገባም።

«ማሎ እባክዎ ጋሼ፣ በሩን አልለኩም እንዴ?» አለ ቲጃኒ።

«ጎማውን ለክቻለሁ» አሉ አቶ ወልደሰማያት።

አባቦራ ቆርጦ አጠበበው። ሁለተኛው ሲሠራ ደግሞ አንዱ ባንዱ ላይ አልቆም አለ፤ እግር እግር ላይ ሲቀመጥ እንደ ሰከረ ሰው ይንሸራተታል። በዚህን ጊዜ ክቡር ሚኒስትሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ባርኔጣቸውን አወለቁ። አባቦራ ሰፋ ካለ ቱቦ አጫጭር ቀለበት እየቆረጠ በየእግሩ ጫፍ እንደ ጽዋ በየደው፤ የላይኛው እግር ጽዋው ውስጥ ገባና ቆመ። «ቶሌ» አለ፣ በኦሮምኛ እሺ ሆነ እንደማለት፤ የዚያን ቀን የተናገረው ያችን ብቻ ነው።

የብየዳው ብልጭታ ዓይናቸውን እንዳይወጋው ፊታቸውን አዙረው በተቀመጡበት ቲጃኒ ሆዱ ውስጥ የቆየ ነገር አነሣ። ለመሆኑ ያን ሁሉ ዓመት ጥሩ ጥሩውን ጎማ ለምን ነበር ከሥር የሚያስቀምጡት ብሎ ጠየቃቸው። አቶ ወልደሰማያት አካባቢውን ቃኘት አደረጉ።

«ኮት የለበሰ ሰው ይመጣል» አሉ። «ላማቹ መኪና፣ ለወንድሙ መኪና ጎማ ይላል። እንዴት እንቢ ትለዋለህ? ከሥር ነው ስትለው ግን ኮቱን አይቶ ይመለሳል። ግቤን የሚወርድ ሰው በጥፍሩም ቢሆን ይቆፍራል።»

 ቲጃኒ ያን ሁሉ ዘመን እየተሳደበ የቆፈረው ጎማ ለሱ ተብሎ የተቀበረ ኖሯል። አሁን ሁሉም በመደርደሪያ ሲቆም ከበር ላይ እንደሚታይ፣ መደበቂያ እንደማይኖር ነገራቸው። እሳቸውም ያውቁታል።

«ደብቄ አበሰበስኩት እኮ» አሉ። «ይታይ።»

ማዳበሪያ የጫኑት መኪኖች ሲደርሱ የመጨረሻዎቹ መደርደሪያዎች ገና ቀለማቸው አልደረቀም ነበር። ከጋራዡ የሞተር ማንሻውን ሰንሰለት አምጥተው አንዱን ባንዱ ላይ አወጡ፤ ጎማው ሁሉ እንደ ሰልፈኛ ቆመ። ከግማሽ የሚበልጠው ወለል ባዶ ሆነና መጋዘኑ የሌላ ሰው ቤት መሰለ። ጓድ ደበበ ገብቶ ወደ ላይ አንጋጠጠ። ደስ ብሎታል፤ ግን ፈርቷል። ቢወድቅ ማን ይጠየቃል አለ።

 አቶ ወልደሰማያት ወንበራቸውን ጎትተው ከረጅሙ ንብርብር ሥር አስቀመጡ፤ ውብነሽ የቋጠረችላቸውን ምሳ ፈትተው መብላት ጀመሩ። ጫኝና አውራጁ ሥራውን ትቶ ያያቸዋል። ቲጃኒ የብየዳውን ሥራ ቢያምነውም ቱቦዎቹን ከየት እንደለቀማቸው የሚያውቀው እሱ ነው። ሄዶ ከጎናቸው ቁጢጥ አለ። ሰውዬው ሳይቸኩሉ በሉ፤ እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን ላሱ። አንድም ነገር አልተነቃነቀም። ደበበ ማዳበሪያው ይግባ አለ፤ ለበላይ በላከው ሪፖርት ላይም ይህ ሁሉ በሱ አመራር የተገኘ መሆኑን አልዘነጋም።

ከዚያ ወዲያ እንግዲህ ማን ይቻላቸው። ጎማ ባንድ ጎኑ ብቻ ከቆመ ይጣመማል ብለው በየጊዜው እየዞሩ አንድ ባንድ ያሽከረክሯቸዋል፤ አስታማሚ የተኛ በሽተኛ እንደሚያገላብጥ። ጉብኝት ለመጣ ሁሉ ያስረዳሉ፤ ላልመጣም ያስረዳሉ።

የተፈራውም ብዙ አልቆየም። ቲጃኒ ጎማ ሊወስድ በመጣበት ቀን ከአውራጃው አንድ ባለሥልጣን በላንድሮቨር መጣ። የአማቹ የጭነት መኪና ጎማ አጥታ ቆማበታለች። ከበሩ ላይ ሆኖ መደርደሪያውን አየና ወደ አንድ ረድፍ አመለከተ። አቶ ወልደሰማያት መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ። ቲጃኒ የሚሉትን ያውቀዋል፤ ዛሬ ግን ያንን ማለት አይቻልም።

«አለ» አሉ። «ግን አልሰጥዎትም። ጎማው የነዚህ ሾፌሮች ነው።»

ባለሥልጣኑ አልጮኸም። ስማቸውን ጠየቀ፤ ሙሉ ስማቸውን ከነአያታቸው ነገሩት።  በዚያን ዘመን ስም መጠየቅ ምን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ሰውዬው ሲሄድ አቶ ወልደሰማያት ተቀመጡ፤ ቲጃኒ ውኃ አመጣላቸው። ጠጥተው ሲጨርሱ ጎማህን ይዘህ ሂድ፣ ቡናው ይዘገያል አሉት።

ክፉ አልደረሰባቸውም፤ አልሐምዱሊላህ። ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል የሚል ደብዳቤ መጣና ወደ አጋሮ ቡና ማከማቻ ተዛወሩ። ዕቃቸውን ያደረሰው ቲጃኒ ነው። ውብነሽ ጋቢና ውስጥ መሀል ተቀምጣ ድስቶቿ እንደ ልባቸው ተበታትነው በመጫናቸው ደስ ብሏት ነበር፤ እሳቸው እስከ አጋሮ ቃል አልተነፈሱም። የሳቸውን ዝምታ ቲጃኒ ከዚያ በፊት ሰምቶት አያውቅም። ሬዲዮ ቢኖረው ይከፍተው ነበር።

በቦታቸው የተተካው ሰው ጨዋ ነው። መደርደሪያዎቹ እንዳሉ ናቸው፤ ጎማ የጠየቀ ወዲያው ያገኛል፤ ስብከት የለ፣ ቁፋሮ የለ። ቲጃኒ ይህን ነበር ስንት ዓመት የተመኘው። አሁን ግን ጎማውን ተረክቦ ከወጣ በኋላ የረሳው ነገር ያለ ይመስለውና በሩ ላይ ይቆማል።

የቡናው ወራት ሲደርስ ሾፌሮቹ መስመር ተከፋፈሉ። ቲጃኒ ሁልጊዜ ሊሙን ነበር የሚመርጠው፤ ሰልፉ ያጥራል። በዚያ ዓመት አጋሮ ይሁንልኝ አለ። ረሺዳ ሰምታ ምን ታይቶህ ነው አለችው፤ የአጋሮ መንገድ ተሻሽሏል ብሎ ዋሻት።

አጋሮ ማከማቻ ገብቶ መኪናዋ ተጭና ስታበቃ አቶ ወልደሰማያት ካፖርታቸውን እየሳቡ መጡ። ከስተዋል፤ ዓይናቸው ግን እንደገና በርቷል። የጋቢናውን በር ያዙና አንድ ነገር እንደደረሱበት ነገሩት። እዚህ ቤት የቡናው ጆንያ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚቀመጠው፤ ግድግዳው ደግሞ እርጥበት ያቀብለዋል፤ ስለዚህ ቡናው ሻገተ ሲባል ገበሬው ይታማል እንጂ ግድግዳው አይታማም። ይህን ለኃላፊው ነግረውት፣ ኃላፊውም ቀን ወስኖ ስብሰባ ጠርቶ ነበር።

ከኋላ የቆመው መኪና ክላክስ ነፋ። ቲጃኒ በመስተዋቱ አየው። ጨለማ ሳይዘው ግቤን መሻገር ነበረበት፤ መንገዱም ሩቅ ነው። ቁልፉን አዞረና ሞተሩን አጠፋ።

«እሺ ጋሼ» አለ፣ ክርኑን መስኮቱ ላይ አሳርፎ፤ «ስብሰባው ላይስ ምን አሉ?»